አጣጥ፦ ከአገራችን ቁጥቋጦ የተገኘው መርዝ እንዴት የካንሰር መድኃኒት ሆነ?

አጣጥ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ያደገ ሰው የሚያውቀው ቁጥቋጦ ነው። እሾሃማ ነው፤ አጥር ይሆናል፤ ማገዶ ይሆናል። ኦሮምኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ኮምቦልቻ ይሉታል። የአጣጥ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከእነዚህ ዓይነቶች አንዱ ከኢትዮጵያ ተቆርጦ፣ ደርቆና በጆንያ ታሽጎ ወደ አሜሪካ መሄዱን፣ ዛሬ ብዙ የጡት ካንሰር ሕሙማን በደም ሥራቸው ለሚወስዱት መድኃኒት መነሻ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከቁጥቋጦው እስከ መድኃኒቱ ያለው ጉዞ 50 ዓመት ያህል ፈጅቷል። በጉዞው መካከልም ይህች የምንኖርባት ሚኒሶታ አለችበት።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ታሪክ ዛሬ ማንሳት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በሮቢንስዴልና በአካባቢዋ ለምንኖር ሰዎች ኖርዝ ሜሞሪያል ሆስፒታል እንግዳ አይደለም። ልጅ ያስወለደ፣ ዘመድ የጠየቀ፣ በድንገተኛ አደጋ የሄደ ብዙ ነው። በዚያው ለብዙ ዓመታት በሚኒሶታው ፖለቲከኛ በሂዩበርት ሃምፍሪ ስም ሲጠራ የኖረ የካንሰር ሕክምና ማዕከል ነበረ። እንዲህ ባለ ቦታ ሐኪም አንዲትን እናት «አዲስ መድኃኒት አለ፤ ገና በሙከራ ላይ ነው፤ ትገቢበታለሽ ወይ?» ብሎ ቢጠይቃት ቤተሰቡ ምን ይላል? አንዱ «መሞከሪያ ሊያደርጓት ነው» ብሎ ይቆጣል። ሌላው ደግሞ «አሜሪካ ያመጣው ከሆነ ያድናል» ብሎ ሳይጠይቅ ይፈርማል። የአጣጥ ታሪክ ሁለቱም እንደማያዋጡ የሚያሳይ ነው። (ዓመቶቹ ከዚህ በታች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥቋጦው ከአገር ሲወጣ

የአውሮፓ የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ቁጥቋጦ ያወቁት ቀደም ብለው ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በ1830ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በ1878 ድረስ ትግራይ ውስጥ የኖረ ሰው ነበር። እሱና ሌሎች ሰብሳቢዎች ቅጠልና አበባ እያደረቁ ወደ አውሮፓ ይልኩ ነበር። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ስለ አቢሲኒያ ዕፅዋት ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ሳይንሳዊ ስም ከሰጣቸው መካከል ይህ የአጣጥ ዓይነት ይገኝበታል። በዚያን ጊዜ ግን የተፈለገው ስሙን መዝግቦ መያዝ ብቻ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1960 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከአገሪቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋውሎ ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እየተሰበሰቡ በካንሰር ላይ ያላቸው ኃይል እንዲመረመር አንድ ትልቅ ፕሮግራም ጀመረ። ፕሮግራሙ ሃያ ዓመት ያህል ሲቆይ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የዕፅዋት ናሙናዎች ተፈተሹ። ዛሬ ታክሶል የሚባለው ዝነኛ መድኃኒት የወጣው በዚሁ ፕሮግራም በ1962 ከተሰበሰበ የአሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው። የእኛ አጣጥም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ተወስዶ ላቦራቶሪ ገባ። የተቀመመው ውሃ ሲፈተሽ የካንሰር ሴሎችን እንደሚገድል ታየ።

ከ50 ኩንታል አንድ ግራም

የሚገድለው ነገር ምን እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ሥራውን የያዙት ቀድሞ በጎረቤታችን በዊስኮንሲን፣ በኋላም በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የኬሚስትሪ ሊቅ ሞሪስ ኩፕቻን ነበሩ። በ1972 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ንጥረ ነገሩን ለይተው ማውጣታቸውን አስታወቁ። ከቁጥቋጦው የላቲን ስም «ሜይቴነስ» በመነሳትም «ሜይታንሲን» ብለው ሰየሙት።

የሜይታንሲን ኃይል የሚያስደነግጥ ነበር። በዘመኑ ከታወቁት የካንሰር መድኃኒቶች ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ የበለጠ መርዛማ ሆኖ ተገኘ። ችግሩ መጠኑ ነው። ከአንድ ኪሎ የኢትዮጵያ አጣጥ የሚገኘው 0.2 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነበር። በእኛ ሚዛን ብናሰላው አንድ ግራም ለማግኘት 50 ኩንታል ቁጥቋጦ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ የዚሁ ቁጥቋጦ ዘመድ የተሻለ መጠን ወደሚሰጥባት ወደ ኬንያ ዞሩና ከሺምባ ኮረብታዎች ከ27,000 ኪሎ በላይ ተሰበሰበ። የኢትዮጵያ ስም ከዚያ በኋላ ከታሪኩ እየራቀ ሄደ። መድኃኒቱም በኢንስቲትዩቱ መዝገብ ቁጥር 153858 ተብሎ ቀረ።

ሮችስተር፣ 1978

በ1970ዎቹ አጋማሽ ሜይታንሲን ለሰዎች መሰጠት ተጀመረ። ሙከራው ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ ከሮቢንስዴል በመኪና ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚያስኬደው የሮችስተሩ ማዮ ክሊኒክ ነው። የማዮ ሐኪሞች የሙከራቸውን ውጤት በ1978 አሳትመዋል። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ገና ሳይወጣ፣ አብዛኞቻችን የሚኒሶታን በረዶ ሳናይ፣ ከአገራችን ቁጥቋጦ የተገኘው መርዝ እዚህ ደርሶ በሚኒሶታ ሕሙማን ላይ ይሞከር ነበር ማለት ነው።

ውጤቱ ምን ነበር? በአጭሩ አልሆነም። መርዙ የካንሰሩን ሴል ከጤነኛው ለይቶ አያውቅም። ሕሙማኑ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ፣ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ደረሰባቸው። ካንሰሩን ለመግደል የሚበቃው መጠንና ሰውየውን የሚጎዳው መጠን አንድ ሆነ። ዕጢ የቀነሰላቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ ስቃይ የሚያካክስ አልነበረም። ኩፕቻንም በ1976 አረፉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሜይታንሲን በካንሰር ሕክምና መዝገብ ላይ ካልተሳካላቸው አንዱ ሆኖ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እነዚያን ሕሙማን ልናስባቸው ይገባል። አብዛኞቹ ሌላ ሕክምና ያለቀባቸው ሰዎች ነበሩ። ራሳቸው አልዳኑበትም። ሆኖም ምን ያህል ሲሰጥ ሰው እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም የት የት እንደሆነ የታወቀው በእነሱ አካል ነው። በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የጀመሩት ከዜሮ ሳይሆን ከእነሱ ማስታወሻ ነው።

አድራሻ ያገኘው መርዝ

መርዙ የጎደለው ነገር አድራሻ ነበር። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ ጤነኛውን አካል ሳይነካ በሽታውን ብቻ ፈልጎ የሚመታ «ተአምረኛ ጥይት» ይኖራል እያለ ያስተምር ነበር። ኤርሊክ ሐሳቡ እንጂ መሣሪያው አልነበረውም።

መሣሪያው የተገኘው በ1975 ነው። ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን በእንግሊዝ አገር አንድን አንቲቦዲ በላቦራቶሪ እንደተፈለገ የሚያበዙበትን ዘዴ አገኙ፤ በ1984ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። አንቲቦዲ ማለት ሰውነታችን ከውጭ የመጣን ጠላት ለመለየት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ አንቲቦዲ የሚያውቀው አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ያን ምልክት ካገኘ ይጣበቅበታል፤ ካላገኘ ያልፋል።

በ1981 በማሳቹሴትስ የተቋቋመው ኢሚዩኖጅን የተባለው ድርጅት ሁለቱን አንድ ላይ ለማሰር ተነሳ። አንቲቦዲው እንደ ፖስተኛ አድራሻውን ይፈልጋል፤ መርዙ በፖስታው ውስጥ ታሽጎ ይጓዛል። ፖስታው በመንገድ ላይ እንዳይቀደድ ጠንካራ ማሰሪያ ያስፈልገዋል፤ ሴሉ ውስጥ ሲደርስ ደግሞ መከፈት አለበት። በዚህ ሥራ ጥቂት መርዝ ብዙ መሥራት ስላለበት ተራ የካንሰር መድኃኒት አይበቃም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ለብቻው ሲሰጥ ከመጠን በላይ መርዛማ ነው ተብሎ የተጣለውን ሜይታንሲንን አስታወሱ። ያስጣለው ባሕርይ አስፈላጊ ያደረገው እሱው ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ውጤቶች በ1992 አሳተሙ።

የ50 ኩንታሉም ጣጣ ቀድሞ ተቃልሎ ነበር። በ1977 የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሜይታንሲንን የሚመስል ንጥረ ነገር የሚሠራ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ገለጹ። ባክቴሪያን በጋን ማራባት ይቻላልና ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦ መቁረጥ አላስፈለገም። እንዲያውም በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በዕፅዋቱ ውስጥም ቢሆን መርዙን የሚሠሩት ከነሱ ጋር ተጠግተው የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አመልክተዋል።

የቀረው ትክክለኛውን አድራሻ መምረጥ ነበር። በ1987 የካሊፎርኒያው ሐኪም ዴኒስ ስሌሞን ከጡት ካንሰር ሕሙማን መካከል የአንዳንዶቹ ዕጢ ኸር-ቱ የሚባል ምልክት እንደሚያበዛና በሽታቸውም እንደሚፈጥን አሳየ። ከመቶ የጡት ካንሰር ሕሙማን ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት እንዲህ ያለው ዓይነት አለባቸው። ይህን ምልክት የሚይዘው ኸርሴፕቲን የተባለው አንቲቦዲ በ1998 ተፈቀደ። ኸርሴፕቲንን ከሜይታንሲን ልጅ ጋር በማሰር የተሠራው መድኃኒት ካድሳይላ ይባላል። በአንድ አንቲቦዲ ላይ በአማካይ ሦስት ተኩል ያህል የመርዝ ሞለኪውሎች ይጫናሉ። አንቲቦዲው ኸር-ቱን ይዞ ወደ ሴሉ ይገባል፤ ሴሉ ሊፈጨው ሲሞክር መርዙ ይለቀቃል፤ መርዙም ሴሉ ለሁለት ለመከፈል የሚጠቀምባቸውን ቀጫጭን ገመዶች ያበላሻል፤ ሴሉ መራባት አቅቶት ይሞታል።

በ2012 በታተመው ጥናት በሽታው የተዛመተባቸው 991 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ካድሳይላ የወሰዱት በመካከለኛ ስሌት 30.9 ወር ሲኖሩ በጊዜው የነበረውን ሕክምና የወሰዱት 25.1 ወር ኖረዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን የካቲት 22 ቀን 2013 ፈቀደ። በ1,486 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ጥገና በፊት መድኃኒት ወስደው ዕጢው ሙሉ በሙሉ ያልጠፋላቸውን የተመለከተ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት ካድሳይላ ከወሰዱት ከመቶ 88፣ ኸርሴፕቲን ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 77 ሆነው ተገኙ። በ2022 ደግሞ ከዚያው ከሜይታንሲን ቤተሰብ የሆነ መርዝ የሚሸከም ኤላሄር የተባለ መድኃኒት ለማህፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ተፈቀደ። ኢሚዩኖጅንን በ2024 አቢቪ የተባለው ኩባንያ በ10.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

ለሃምፍሪ ያልደረሰው

እነዚህ መድኃኒቶች ተአምር አይደሉም። ካድሳይላ ምልክቱ ለሌለው ካንሰር አይሠራም። ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ያወርዳል፤ ጉበት ይጎዳል፤ እርጉዝ ሴት ልትወስደው አይገባም። በጨጓራ ካንሰር ላይ ተሞክሮም ከተለመደው ሕክምና አልበለጠም። በኋላም ኤንኸርቱ የተባለ ተመሳሳይ መድኃኒት መጥቶ በ524 ሕሙማን ላይ ሲወዳደር በልጦታል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በሽታው ያልገፋባቸው በኤንኸርቱ ከመቶ 76፣ በካድሳይላ ከመቶ 34 ነበሩ። ኤንኸርቱ የሚሸከመው መርዝም ዘሩ ከቻይና ዛፍ የመጣ ነው። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ የትናንቱን ጎበዝ የዛሬው ይተካዋል።

የሮቢንስዴሉ ማዕከል በስሙ የተጠራው ሂዩበርት ሃምፍሪ የሚኒያፖሊስ ከንቲባ፣ ሴናተርና የአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት የነበረ ሰው ነው። በ1968 መጀመሪያ በአፍሪካ ጉብኝቱ አዲስ አበባንም አይቷል። ጥር 13 ቀን 1978 በፊኛ ካንሰር ሲሞት 66 ዓመቱ ነበር። ይኸውም የማዮ ሐኪሞች የሜይታንሲንን ውጤት ያሳተሙበት ዓመት ነው። ለፊኛ ካንሰር እንዲህ አድራሻ ይዞ የሚሄድ መድኃኒት የተፈቀደው በ2019፣ ማለትም ከ41 ዓመት በኋላ ነው። ለዚያ ሰው ሥልጣኑም ሀብቱም ሊያመጣለት ያልቻለውን ነገር በመካከል የሠሩት ተመራማሪዎችና በሙከራው የገቡ ሕሙማን ናቸው።

ሙከራ የሚለው ቃል

ወገኖቻችን ሙከራን የሚፈሩት ያለ ነገር አይደለም። በአላባማ ቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ሐኪሞች ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች በሽታቸውን ሳይነግሩ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ ሳያክሙ ሲመለከቷቸው ኖረዋል። ይህ ሲጋለጥ በ1974 ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ሳይፈርም ሙከራ ውስጥ አይገባም። ከገባም በኋላ በማንኛውም ጊዜ ትቶ መውጣት ይችላል፤ በመውጣቱም ሌላው ሕክምናው አይነፈግም።

ስለዚህ ከፍርሃትም ከችኮላም ይልቅ መጠየቅ ይሻላል። አንደኛ፣ ሙከራው ስንተኛ ደረጃ ነው? የመጀመሪያው ደረጃ የሚመረምረው ስንት ሲሰጥ ሰው እንደሚችለው ነው፤ የ1970ዎቹ የሜይታንሲን ሙከራ ከዚህ ነው የተነሳው። ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ አዲሱን ከተለመደው ጋር ያወዳድራል፤ ካድሳይላ የተፈቀደው በዚህ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ባልገባበት ምን ሌላ ሕክምና አለኝ? ሦስተኛ፣ ዕጢዬ መድኃኒቱ የሚፈልገው ምልክት እንዳለው ተመርምሯል ወይ? አራተኛ፣ የትኛውን ወጪ ማን ይከፍላል?

ይህ ሁሉ በአማርኛ ሊጠየቅና ሊመለስ ይገባዋል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ካንሰር እንዲያስተረጉም ማድረግ ለልጁም ለእናቱም በደል ነው። በቤታችን «ያ ክፉ በሽታ» እያልን ስሙን የምንሸሸውን ነገር በልጅ አፍ ማስነገር ምን ይባላል?

የእኛ ድርሻ

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ኢትዮጵያ ምን አገኘች?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ቁጥቋጦው በተወሰደበት ዘመን ዕፅዋት የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ሀብት ናቸው ይባል ስለነበር ጠያቂም ተጠያቂም አልነበረም። አገሮች በዕፅዋታቸው ላይ መብት እንዳላቸው በዓለም ስምምነት የተጻፈው በ1992 በሪዮ ነው፤ ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1994 አጸደቀች፤ የራሷን የጥቅም መጋራት አዋጅ ያወጣችው በ2006 ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ሕግ ግን የለም።

በዚያው ዘመን የነበረ ሌላ ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ሲነሳ የኢትዮጵያ ስም አብሮ የሚነሳው በቦታው የሚያይና የሚጽፍ የአገር ልጅ ስለነበረ ነው። አጣጥ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘም።

ዛሬ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር ይበልጥ የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1997 ሲሆን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ሌላ አልነበረም። ካድሳይላ ደግሞ ሲወጣ ዋጋው በወር 9,800 ዶላር ያህል ነበር። አጣጥ የበቀለባት ምድር ልጅ የአጣጥን መድኃኒት ለማግኘት ከማንም ይልቅ ሩቅ ናት።

እኛ እዚህ ያለነው ግን ቅርብ ነን። ልጆቻችን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪና ፋርማሲ ይማራሉ፤ እኅቶቻችን በየሆስፒታሉ ነርስ ናቸው። ለእናቶቻችን መድኃኒቱም፣ ምርመራውም፣ አስተርጓሚውም በአውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ ነው ያለው። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እኅት «ያልፋል» ብላ ከተቀመጠች፣ ወይም ሐኪሙ ያመጣውን ወረቀት ሳትጠይቅ ብትገፋው፣ ከአገር ቤቷ እኅቷ በምን ተሻለች? ምርመራ አይዘግይ፤ ጥያቄ አይታፈር።